ባቡሩን ማን አስቀረው? ፖሊሲን ከሥሩ ስለማንበብ



አሰቦት ውስጥ ስለ ከተማዋ ኑሮ ጨዋታ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ «ባቡሩን ማን አስቀረው?» መልሱ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። አንዱ መንግሥት ነው ይላል። ሌላው የጭነት መኪና ባለቤቶች ናቸው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ማንም አላስቀረውም፤ አርጅቶ ሞተ ይላል። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ይሁንና ሦስቱም አንድ ላይ ቢደመሩ እንኳ መልስ አይሆኑም። ምክንያቱም ጥያቄው ራሱ አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሳኔ ያደረገውን ነገር ፍለጋ ነው። የሕዝብ ፖሊሲ ግን እንዲህ ባለ መንገድ አይወለድም፤ እንዲህ ባለ መንገድም አይሞትም።

ጉዳዩ የትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣ አምድ ባልያዝኩለት ነበር። ነገር ግን የአንድን ችግር ታሪክ በትክክል ያላወቀ ሕዝብ አቤቱታውን የሚያደርሰው ወደ ተሳሳተ በር ነው። ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ጉዳዩ የዞን ነው ይባላል። ወደ ዞን ይሄዳል፤ የፌዴራል ነው ይባላል። በመጨረሻም «በፖሊሲው መሠረት ነው» የሚል አጭር መልስ ይዞ ይመለሳል። ፖሊሲው ከየት መጣ? ማን ጻፈው? የማንን ችግር ሊፈታ? ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ ይህ መልስ የነገሩ መዝጊያ ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ አሰቦትንና የባቡሩን መሥመር እንደ መማሪያ ወስደን የአንድ ፖሊሲ ታሪክ እንዴት እንደሚጠና አብረን እንመልከት።

ለመሆኑ ፖሊሲ ምንድን ነው?

በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ላይ ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ በክብ ሥዕል ይቀርባል። መጀመሪያ ችግር ይለያል፤ ቀጥሎ አማራጮች ይቀርባሉ፤ ከዚያ ይወሰናል፤ ይፈጸማል፤ በመጨረሻም ይገመገምና ክቡ ይዞራል። ለፈተና የሚመች ሥዕል ነው። ይሁን እንጂ የአገርን ታሪክ ይዘን ስንመረምረው ክቡ የትም ቦታ ላይ ተሟልቶ አናገኘውም። የምናገኘው አንዱ ውሳኔ በሌላው ላይ እንደ ደለል እየተነባበረ ሲሄድ ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ቻርልስ ሊንድብሎም እ.ኤ.አ በ1959 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ይህንኑ ተናግሯል። መንግሥታት ሁሉንም አማራጭ ከሥሩ መርምረው አይወስኑም፤ ከነበረው ላይ ጥቂት ጨምረው ወይም ጥቂት ቀንሰው እየተንገታገቱ ይሄዳሉ የሚል ነው ፍሬ ሐሳቡ። ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ደግሞ ቱኒስ የተወለደው ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ታሪክ ውጫዊና ውስጣዊ ገጽታ እንዳለው አስተምሯል። ውጫዊው የነገሥታትና የዘመናት ወሬ ነው። ውስጣዊው ግን ነገሮች ለምንና እንዴት እንደሆኑ መመርመር ነው። ዘጋቢ ውጫዊውን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ተማሪ ግን ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

በመሆኑም የፖሊሲ ታሪክ ስናጠና አዋጁ የወጣበትን ቀን መሸምደድ አይበቃም። ውሳኔው በማን ችግር ተጀመረ? ማን ተቀምጦ ፈረመ? ገንዘቡ ከየት መጣ? ቀድሞ የተወሰነ ምን ነገር እጁን አሰረው? ሳይወሰን የታለፈውስ ምንድን ነው? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሐዲዱ እንሂድ።

የመጀመሪያው ንብርብር፦ ወደብና ኃያላን

አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1894) ነው። ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔም የሥራው ተካፋይ ነበር። በፈቃዱ ላይ የተጻፈው መሥመር በሦስት የተከፈለ ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ከፋና ወደ ነጭ አባይ። የንጉሡ ችግር ግልጽ ነው። አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ ጭነት በግመልና በበቅሎ ነው የሚጓጓዘው፤ መሣሪያም ሆነ ሸቀጥ ለማስገባት ፈጣን መንገድ ያስፈልጋል።

ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። ይሁንና በወረቀት ላይ የተጻፈው ሐረር ሳይደርስ ቀረ። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ሐረርን የከበበውን ተራራ መውጣት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ አልፎ በ1895 ዓ.ም (እ.ኤ.አ በ1902 መጨረሻ) ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። በአንድ የመሐንዲስ ስሌት የዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከመሥመሩ ውጭ ሆነች፤ በሜዳው ላይ ደግሞ አዲስ ከተማ በቀለች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው። በ1902 (እ.ኤ.አ) የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ሊሰጠው ተስማምቶ በምላሹ ቁጥጥሩን ያዘ። ይህ ስምምነት ያለ ምኒልክ ፈቃድ የተደረገ በመሆኑ ንጉሡን እጅግ አስቆጣ። እንግሊዞችና ጣሊያኖችም በበኩላቸው መሥመሩ የፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሆን ሰጉ። በ1899 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 1906) ሦስቱ ኃያላን መንግሥታት በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ውል ተፈራረሙ፤ ከውሉም አንዱ ነጥብ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚሄደውን ባቡር የሚመለከት ነበር። በውሉ ላይ የኢትዮጵያ ፊርማ የለም። በ1900 ዓ.ም የምኒልክ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ቪታሊያን ስም አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ አዲስ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያም ተቋቋመ። ሥራው እንደገና ተጀምሮ ሐዲዱ እ.ኤ.አ በ1915 አዋሽን ተሻገረ፤ በ1909 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1917) ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

አሰቦት ወደ ባቡሩ ታሪክ የምትገባው በዚህ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው፤ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ባለው ክፍል። እንደ ሚኤሶና እንደ አፍደም ሁሉ ሐዲዱ የጨርጨርን ደጋ ትቶ በግርጌው ስላለፈ የጣቢያ ከተማ ሆነች። በደጋው ያሉት ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ ባቡር አላዩም። ልብ በሉ፤ አሰቦት ጣቢያ ያገኘችው የአሰቦትን ችግር ለመፍታት ታስቦ አይደለም። ውሳኔው የወደብ ነበር፤ የኃያላን ሚዛን ነበር፤ የዳገትና የገንዘብ ስሌት ነበር። ከተማዋ ያገኘችው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው።

ይህ ትርፍ ግን ትንሽ አልነበረም። ባቡር በቆመበት ሁሉ ገበያ ይቆማል። ከደጋ የወረደ ጫት፣ ማሽላና አትክልት፣ ከቆላ የመጣ ወተትና ከብት፣ ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅና ሸቀጥ በአንድ ጣቢያ ይገናኛል። የኢቱው ኦሮሞና የኢሳው ሶማሌ፣ የአማራውና የጉራጌው ነጋዴ እዚያው ይገበያያሉ። ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፦ «ለገሃር» እና «ፉርጎ» የምንላቸው ቃላት ከፈረንሳይኛ በባቡር ተጭነው የመጡ ናቸው።

ሁለተኛው ንብርብር፦ መንገድና አሰብ

ባቡሩ መድከም የጀመረው መቼ ነው ቢባል ብዙ ሰው የደርግን ወይም የኢሕአዴግን ዘመን ይጠቅሳል። እኔ ግን ወደ 1943 ዓ.ም መመለስ እንዳለብን አምናለሁ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ (እ.ኤ.አ መስከረም 1950) ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ የመጀመሪያ ብድሯን አገኘች። ከብድሩ ትልቁ ክፍል ለመንገድ ጥገና ነበር። እርሱን ተከትሎ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሯቸው መንገዶች በጥገና እጦት ይበላሹ ስለነበር ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ማንም አስተዋይ ሰው ይቃወመዋል ብዬ አልገምትም።

ሆኖም አንድ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም መንገድ ብቻ አይሠራም፤ ለመንገድ የሚከራከር አካልም ይፈጠራል። ባጀት አለው፤ መሐንዲሶች አሉት፤ ከአበዳሪ ጋር ግንኙነት አለው። ባቡሩ በአንጻሩ መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገ የውጭ ኩባንያ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲስ አበባ የዞረውና ኢትዮጵያ የአክሲዮኑ እኩል ባለቤት የሆነችው ከ1952 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1959) ስምምነት በኋላ ነው። በመንግሥት ጠረጴዛ ዙሪያ መንገድ የቤት ልጅ ሆነ፤ ባቡር ደግሞ እንግዳ።

በ1945 ዓ.ም ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል ደግሞ ሌላ ንብርብር ተጨመረ። አገሪቱ የራሷን ወደብ አገኘች። በባዕድ እጅ ካለው ጅቡቲ ይልቅ አሰብን ማሳደግ ብሔራዊ ጉዳይ ሆነ። ወደቡ ተስፋፋ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራበት። አሰብ ሐዲድ የለውም፤ ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ጭነቱ ከፉርጎ ወደ መኪና ተዛወረ። እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ «ባቡሩ ይዳከም» ብሎ የወሰነ አንድም ሰው የለም። የተወሰነው መንገድ እንዲጠገን ነው። የተወሰነው የራስ ወደብ እንዲለማ ነው። ሁለቱም መልካም ነበሩ። በአሰቦት ጣቢያ ላይ ያረፈው ውጤት ግን በማንኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ አልተጻፈም።

ሦስተኛው ንብርብር፦ ጦርነትና ሁለት ባለቤቶች

ሰኔ 1969 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1977) ጅቡቲ ነፃ ወጣች። የፈረንሳይ ድርሻም ወደ አዲሱ መንግሥት ተላለፈ። በቀጣዩ ወር የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ገባ። ድልድዮች ፈረሱ፤ መሥመሩ ተቋርጦ ባቡሩ ለወራት ቆመ። ያኔ የጅቡቲ መንገድ ሲዘጋ የአሰብ ተፈላጊነት ይበልጥ ጎላ። እ.ኤ.አ በ1981 ድርጅቱ የሁለት መንግሥታት የጋራ ሀብት ሆኖ እንደገና ተደራጀ። በጥር 1977 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1985) አዋሽ አጠገብ መንገደኞች የጫነ ባቡር በጠመዝማዛው ድልድይ ላይ በፍጥነት ሲጓዝ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ የባቡር አደጋዎች ታሪክ እጅግ አስከፊው እንደሆነ ይነገራል። አላህ ለቤተሰቦቻቸው ሰብሩን ይስጥ።

የጋራ ሀብት የሆነ ነገር ሁለት ባለቤት አለው ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ለጥገና ሲሆን አንድም የለውም። አንዱ መንግሥት ወጪ ሲጠየቅ ወደ ሌላው ያያል። አዲስ ሐዲድና አዲስ ሞተር የሚጠይቅ አሮጌ መሥመር ይህን ዓይነት አስተዳደር አይሸከምም። እዚህ ላይ ያለው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ፖሊሲ የሚሞተው በመሻር ብቻ አይደለም። ሳይሻር፣ ባጀት ሳይመደብለት፣ በወረቀት ላይ በሕይወት እያለም ይሞታል። አለመወሰንም ውሳኔ ነው።

አራተኛው ንብርብር፦ ጅቡቲ ስትመለስ

ግንቦት 1990 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1998) የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ፈነዳ፤ አሰብም ለኢትዮጵያ ተዘጋ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ባቡሩ ሊያንሰራራ፣ አሰቦትም ልትጠቀም ይገባት ነበር የሚል ሰው ይኖራል። የሆነው ግን ሌላ ነው። ለአርባ ዓመታት ያህል የተገነባው የመኪና ትራንስፖርት ነበር። ሾፌሩ፣ ጋራዡ፣ የነዳጅ ማደያው፣ ባለንብረቱ ሁሉ የመንገድ ሰው ነው። ጭነቱም ከጅቡቲ በጋላፊ ገብቶ በሚሌና በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ላይ ከዋናው መንገድ ይገናኛል። ካርታውን ዘርግታችሁ ተመልከቱ፤ ይህ መንገድ አሰቦትን ወደ ምሥራቅ ትቶ ነው የሚያልፈው። የአገሪቱ ወደብ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ፤ ጭነቱ ግን ወደ ቀድሞው የጅቡቲ መሥመር አልተመለሰም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት እርዳታ አሮጌውን መሥመር ለመጠገን ተሞክሮ ነበር፤ ሥራው ግን ተጀምሮ ፍጻሜ አላገኘም። በ2000 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2008) አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው የባቡር አገልግሎት ተቋረጠ። ስለዚህ «ማን አስቀረው?» ለሚለው መልስ የምንፈልገው በዚያ ዓመት ውስጥ ከሆነ የምናገኘው የቀብሩን ቀን እንጂ የበሽታውን መነሻ አይደለም።

አምስተኛው ንብርብር፦ አዲሱ ሐዲድ

በኅዳር 2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም በተዘረጋው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ የባቡር ግንባታ ትልቅ ሥፍራ ያዘ። የአዲስ አበባ ጅቡቲ መሥመር ለሁለት የቻይና ኩባንያዎች ተሰጠ። አንደኛው ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሁለተኛው ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ገነባ። ሚኤሶ የእኛው አካባቢ ነው፤ የሁለቱ ውሎች መገናኛ የሆነው የምዕራብ ሐረርጌ ምድር ነው ማለት ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይናው ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። መሥመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 1 ቀን 2018) ጀመረ።

አዲሱ መሥመር የአሮጌው ጥገና አይደለም። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው፤ በኤሌክትሪክም ይሠራል። በመሆኑም የአሮጌው ሐዲድ፣ ሞተርና ፉርጎ ለአዲሱ አይሆኑም። የሥራ ዓላማውም የተለየ ነው። አሮጌው ባቡር በየትንንሹ ጣቢያ እየቆመ ሰውም ዕቃም ያነሳ ነበር። የአዲሱ ቀዳሚ ዓላማ ግን የጅቡቲን ወደብ ከመሐል አገር ደረቅ ወደቦችና የኢንዱስትሪ ሥፍራዎች ጋር በፍጥነት ማገናኘት ነው። ፈጣን የጭነት ባቡር በየከተማው መቆም አይወድም። ብድሩንም መርሳት የለብንም። በ2010 ዓ.ም መጨረሻ የመንግሥት መሪ እንዳስታወቁት የመክፈያው ጊዜ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። ይህም ማለት ዛሬ አሰቦት ውስጥ ተማሪ ቤት የገባ ልጅ አድጎ ግብር ሲከፍል የዚህን ውሳኔ ዋጋ ይካፈላል ማለት ነው።

«የአገር ፖሊሲ ለአንድ ከተማ አይሠራም»

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። የአገር ወደብና የአገር ባቡር ለአንድ ትንሽ ከተማ ተብሎ አይነደፍም፤ ባቡር በየመንደሩ ቢቆም ጭነቱ ይዘገያል፤ ኪሳራውን የሚከፍለውም ራሱ ሕዝቡ ነው የሚል። እውነት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ብሔራዊ ጥቅምና የአንድ ከተማ ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይሆኑም።

ነገር ግን የእኔ ሙግት አሰቦት ትቅደም የሚል አይደለም። ሙግቴ ውጤቱ ይጻፍ፣ ይታወቅ፣ ይመከርበት ነው። ውሳኔ ሰጪው «ይህን ስናደርግ እነዚህ የጣቢያ ከተሞች ይህን ያጣሉ፤ በምትኩ ይህን እናደርጋለን» ብሎ ቢወስን ከተማዋ ምን እንደምትጠይቅ ታውቃለች። ከላይ ባየናቸው አምስት ንብርብሮች ውስጥ ግን የጣቢያ ከተሞች ጉዳይ የውሳኔው መነሻ ሆኖ አናገኘውም። ያገኙትም ያጡትም እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ ከላይ የመጣ ሆኖ ነው የደረሳቸው።

ደግሞም ይህ አካባቢ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜ አውራጃው አዲስ የአስተዳደር ሥርዓት የሚሞከርበት ምሳሌ ተደርጎ ተመርጦ ነበር፤ የዛሬዋ ጭሮ፣ የያኔዋ አሰበ ተፈሪ፣ የዚያ ሥራ ማዕከል ነበረች። እኒሁ ሰው ናቸው የ1923 ዓ.ምን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። ሙከራው በእርግጥ ከላይ የታዘዘ እንጂ ሕዝብ የመከረበት አልነበረም። ቢሆንም የፖሊሲ ሐሳብ ከማዕከል ወደ ዳር ብቻ እንደማይጓዝ፣ በዳር የተሞከረ ነገር ማዕከሉን ሊያስተምር እንደሚችል ያሳያል።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፤ ታሪክ ለቁጭት ብቻ ከተነበበ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ከዚህ ታሪክ ለሥራ የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን አወጣለሁ።

አንደኛ፣ ጊዜን ማወቅ ነው። አቤቱታ የሚሰማው ሐዲዱ ከተነጠፈ፣ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ አይደለም። የሚሰማው ጥናቱ ሲጠና፣ ብድሩ ሲፈረም፣ የጣቢያና የመጋቢ መንገድ ቦታ ሲመረጥ ነው። ሐረር ከመሥመሩ የወጣችው ባቡሩ ሳያልፋት በቀረበት ቀን አይደለም፤ መሐንዲሱ የዳገቱን ወጪ ባሰላበት ቀን ነው። ስለዚህ የከተማ ሽማግሌዎች፣ ነጋዴዎችና የተማሩ ወጣቶች «ምን እየተሠራ ነው?» ከማለታቸው በፊት «ምን እየተጠና ነው?» ብለው መጠየቅን ሊለምዱ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄን ከዛሬው ፖሊሲ ቋንቋ ጋር ማገናኘት ነው። «ባቡራችን ይመለስ» ማለት ለአሮጌው አንድ ሜትር ሐዲድ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ እርሱ ደግሞ አልፏል። «የጨርጨር ደጋ ምርት በአቅራቢያው ካለው ጣቢያ የሚደርስበት መንገድና መጋዘን ይኑር፤ ጭነት የሚሰበሰብበት ሥርዓት ይዘርጋ» ማለት ግን አዲሱ መሥመር ራሱ የሚፈልገውን ጭነት ማቅረብ ነው። ብድር ያለበት ባቡር ጭነት ይፈልጋል። የራስን ጥቅም ከውሳኔ ሰጪው ችግር ጋር አገናኝቶ ማቅረብ ልመና አይደለም፤ ማስተዋል ነው።

ሦስተኛ፣ መዝገብ መያዝ ነው። አሮጌው ባቡር አሰቦት ላይ ምን ያህል ሰውና ዕቃ ያነሳ እንደነበር፣ የትኛው ገበያ በእርሱ ይኖር እንደነበር፣ ባቡሩ ከቀረ በኋላ ምን ያህል ሱቅ እንደተዘጋ የጻፈ ሰው ካለ ዛሬ ሙግቱ በእጃችን በሆነ ነበር። የባቡሩ ሠራተኞች፣ የጣቢያው ሹሞች፣ በፉርጎ የነገዱ እናቶችና አባቶች በሕይወት ያሉት ጥቂት እየሆኑ ነው። የአካባቢው መምህራንና ተማሪዎች ደብተር ይዘው ቢጠይቋቸው ለታሪክም፣ ለነገው አቤቱታም ማስረጃ ይሆናል። የዑለሞቻችንን የዘር ሐረግና የኪታብ ሰንሰለት ሳያቋርጡ የመዘገቡ ሰዎች ልጆች ነንና መመዝገብ አይከብደንም።

«ባቡሩን ማን አስቀረው?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ሰው አላስቀረውም። ከመቶ ዓመት በላይ የተነባበሩ፣ አብዛኞቹም በራሳቸው ጊዜ ምክንያት የነበራቸው ውሳኔዎች አስቀሩት፤ በእነርሱም ውስጥ የአሰቦት ሰው አልተጠየቀም፤ እርሱም አልጠየቀም። ያለፈው አይመለስም። የሚቀጥለው ንብርብር ግን ገና አልተነጠፈም። እርሱ ሲጠና በጥያቄ፣ በማስረጃና በሹራ ተዘጋጅተን እንድንገኝ አላህ ያግዘን።

ወላሁ አዕለም።